«ጎ» ሄዶ «ዌንት» ከየት መጣ?



በዚህች ጋዜጣችን ላይ ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ መቅጠን፣ ስለ መኝታ ቤቱ ውሃ መጥፋትና ስለ ፈተና ውጤት መዘግየት ብዙ ተጽፏል፤ ወደ ፊትም እንደሚጻፍ አልጠራጠርም። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብሁት ጉዳይ ግን በእንግሊዝኛ በሁለት ፊደል ብቻ የምትጻፍ አንዲት ግሥ ናት። እርሷም «ጎ» የምትባለው፣ እኛ በአማርኛችን «ሄደ» የምንላት ናት። «ይህማ የሕፃናት ትምህርት ነው፤ በዩኒቨርሲቲ ጋዜጣ ላይ ምን አመጣው?» የሚለኝ ወንድም ወይም እኅት ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምናለሁ። ነገሩ የሰዋስው ብቻ አይደለምና።

ታሪኩ የሚጀምረው ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከእኔ ጋር በአንድ ዴስክ የሚቀመጥ ልጅ ነበር። በሒሳብ ከእርሱ የሚቀድም በክፍላችን አልነበረም፤ መምህሩ ጥያቄውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈው ሳይጨርሱ መልሱን በጣቱ መዳፉ ላይ ይጽፈው ነበር። አንድ ሰኞ ጧት የእንግሊዝኛ መምህራችን ቅዳሜ የት እንደ ሄደ በእንግሊዝኛ ጠየቁት። ልጁም ቀጥ ብሎ ቆመና «አይ ጎድ ቱ ማርኬት» አለ። ክፍሉ በሙሉ አውካካ። መምህሩም አብረው ሳቁ። ልጁ ግን በሳቁ አልደነገጠም፤ እንዲያውም የሒሳብ ሰው ነውና ነገሩን በሒሳብ አደረገው። «ቲቸር፣ ‹ፕሌይ› ሲያልፍ ‹ፕሌይድ› ከሆነ፣ ‹ዎክ›ም ሲያልፍ ‹ዎክድ› ከሆነ፣ ‹ጎ› ሲያልፍ ‹ጎድ› የማይሆነው ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። የተሰጠው መልስ አጭር ነበር፤ «እንዲሁ ነው። ሸምድደው!» ተባለ። ደግሞም «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» ብሎ መቶ ጊዜ ጽፎ እንዲያመጣ ታዘዘ።

ከዚያች ቀን ወዲያ የልጁ ስም ተለወጠ። ወደ ክፍል ሲገባ «ጎድ መጣ»፣ ሲወጣ «ጎድ ሄደ» እንለው ጀመር። እንለው ጀመር ማለቴን ልብ በሉልኝ፤ ከሳቁትና ከቀለዱት አንዱ እኔ ነበርሁ። ልጁም በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ እጁን ማውጣት ተወ። እንደሚታወቀው ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛ ዝም ያለ ተማሪ በሁሉም ትምህርት ዝም አለ ማለት ነው። አሥረኛ ክፍልን ሳይጨርስ ከትምህርት ቤት ቀረ። ባለፈው ክረምት አገር ቤት ስሄድ አንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ ሚዛን ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ የደንበኛውን ሒሳብ ያለ ወረቀትና ያለ ማስያ በቃሉ ይደምራል። ከትምህርት የቀረው በአንዲት ግሥ ምክንያት ብቻ ነው ብል ሐሰት ይሆንብኛል፤ አባቱ ታመው ነበር፣ ቤታቸውም ተቸግሮ ነበር። ዳሩ ግን እንዲማር አጥብቆ የሚይዘው ክር ሲበጠስ አንደኛውን ክር የበጠስነው እኛ እንደ ነበርን አልረሳውም።

እነሆ፣ ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ ወደዚህ ወደ ዩኒቨርሲቲያችን ከመጣሁ በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ ታሪክ የሚናገሩ መጻሕፍትን ሳገላብጥ ያ የጓደኛዬ ጥያቄ መልስ ያለው ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። መልስ ያለው ብቻ ሳይሆን፣ ሊቃውንት ብዙ የደከሙበት ጥያቄ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ይነገር በነበረው በጥንታዊው እንግሊዝኛ የዛሬው «ጎ» «ጋን» ይባል ነበር። ያለፈውን ሲናገሩ ግን «ኤኦዴ» ይሉ ነበር እንጂ «ጎድ»ን የሚመስል ቃል አልነበራቸውም። ይህ «ኤኦዴ» ከ«ጋን» ጋር በዘር የማይገናኝ የሌላ ግሥ ቁራጭ ነው። እንግዲህ ጽሑፍ እስከሚያደርሰን ድረስ ወደ ኋላ ብንሄድ በእንግሊዝኛ «ጎ» የራሱ የሆነ ያለፈ ጊዜ ኖሮት አናገኘውም፤ ከጥንት ጀምሮ በተውሶ የሚኖር ግሥ ነው።

«ኤኦዴ» በመካከለኛው ዘመን «ዬዴ» እና «ዮዴ» ወደሚሉ ቃላት ተለወጠ። በዚያው ዘመን «ዌንድ» የሚባል ሌላ ግሥ ነበረ፤ ትርጉሙም «ዞረ፣ አዞረ፣ ተመለሰ» ማለት ነው። የዘሩም አባት «ዋይንድ» ነው፤ ይኸውም «ጠመጠመ፣ ተጠማዘዘ» የሚለው ነው። ዛሬ ጠመዝማዛ መንገድን ወይም ደረጃን እንግሊዞች የሚጠሩት በዚህ ቃል ነው። እንግዲህ «ሴንድ» ሲያልፍ «ሴንት»፣ «ስፔንድ» ሲያልፍ «ስፔንት»፣ «ቤንድ» ሲያልፍ «ቤንት» እንደሚሆን ሁሉ «ዌንድ»ም ሲያልፍ «ዌንት» ይሆን ነበር። አስተውሉ! ያ ጓደኛዬን ያሳፈረው «ዌንት» በራሱ ቤት ሳለ ደንብ አክባሪ ነበረ። ዐመለኛ የመሰለን ጎረቤት ቤት ገብቶ ስላገኘነው ብቻ ነው።

«መዞር» እንዴት «መሄድ» ይሆናል? ብሎ የሚጠይቅ አማርኛ ተናጋሪ ግን አይኖርም ብዬ አምናለሁ። እኛ ሰውን ከፊታችን እንዲሄድልን ስንፈልግ «ዞር በል!» እንል የለምን? ብዙ አገር የሄደውንስ ሰው «አገር የዞረ» አንለውምን? በእንግሊዝም የሆነው ይኸው ነው። መዞሩ ቀርቶ መሄዱ እየጎላ መጣ። በ15ኛው መቶ ዓመት በደቡብ እንግሊዝ ሰዎች «ዬዴ»ን እየተዉ በቦታው «ዌንት»ን ማስገባት አዘወተሩ፤ እስከ 1500 እ.ኤ.አ. ገደማም «ዌንት» ጠቅልሎ የ«ጎ» ሆነ። «ዌንድ» ያለፈ ጊዜውን ተነጥቆ ባዶውን ስለ ቀረ «ዌንድድ» የሚል አዲስ ሠራለት፤ ዛሬ ግን ከአንዳንድ የመጻሕፍት አነጋገር በቀር ብዙም አይሰማም። የተረሳው «ዬዴ» ደግሞ ከዚያ በኋላ ለራሳቸው ለእንግሊዞች እንቆቅልሽ ሆነባቸው። በ16ኛው መቶ ዓመት የነበረው ታላቁ ባለቅኔ ኤድመንድ ስፔንሰር የጥንት ቃል እያነሣ መጻፍ ይወድ ነበርና ይህንኑ «ዬዴ»ን ያለፈ ጊዜ መሆኑን ስቶ እንደ አሁን ጊዜ ግሥ ተጠቀመበት። በእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ስሙ ከፍ ብሎ የሚጠራ ሰው በዚህችው ግሥ ተሳስቶ ሳለ እኛ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ተሳሳተ ብለን ሳቅን።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ያስደነቀኝ ግን የሚከተለው ነው። «ዌንት» በደቡብ ሲነግሥ በሰሜን እንግሊዝና በስኮትላንድ የነበሩ ሰዎች ሌላ መንገድ መረጡ። እነርሱ በራሳቸው በ«ጎ» ላይ እንደ ሌሎቹ ግሦች የ«ድ» ፊደል ጨምረው «ጌድ» አሉ። ስኮትላንዳዊው ባለቅኔ ሮበርት በርንስ (1759–1796 እ.ኤ.አ.) በግጥሞቹ የተጠቀመው በዚሁ በ«ጌድ» ነው። ጓደኛዬ «ጎድ» ባለ ጊዜ ያደረገው እንግዲህ አንድ ሕዝብ በሙሉ ያደረገውን ነው። ስኮትላንድ ቢወለድ ኖሮ ባልተሳቀበት ነበር። ለንደን የመንግሥቱና የማተሚያው ቤት መቀመጫ ስለ ሆነች የደቡቡ አነጋገር የመማሪያ መጽሐፍ ቋንቋ ሆነ፤ የሰሜኑ አነጋገር ግን የባላገር አነጋገር ተባለ። ስለዚህ «ትክክል» የምንለው ነገር ከሰማይ የወረደ ሕግ ሳይሆን፣ ብዙ ጊዜ የታሪክና የኃይል ውጤት ነው።

የ«ጎ» ትርጉምም እንደ ታሪኩ ብዙ መንገድ የሄደ ነው። በጥንት ጊዜ ዋና ትርጉሙ በእግር መሄድ ነበር፤ በፈረስ ከመሄድና ከመሮጥ ይለይ ነበር። ዛሬ ግን መኪናም፣ ሰዓትም፣ ወሬም፣ ገንዘብም «ይሄዳል»። ወተት ሲበላሽ፣ ሰው ዓይኑ ሲጠፋ፣ አእምሮው ሲታወክ እንግሊዞች በ«ጎ» ይናገሩታል፤ ሕልም እውነት ሲሆን ግን «መጣ» በሚለው ይናገሩታል። ይህም እኛ «ነገሩ እየከፋ ሄደ»፣ «ተስፋው እየለመለመ መጣ» ከምንለው ጋር ይቀራረባል። «ከሁለት ዓመት በፊት» ለማለት የሚጠቀሙበት «አጎ» የሚለው ቃልም የዚሁ የ«ጎ» ዘር ነው፤ «የሄደ፣ ያለፈ» ማለት ነው። እኛስ «ባለፈው ዓመት» ስንል ዓመቱን እንደ መንገደኛ አድርገን አይደለምን? «ሊዘንብ ነው» ለማለት ደግሞ ዝናቡን «ጎይንግ ቱ» ይሉታል። ዝናቡ ወዴትም አይሄድም፤ አንድ ነገር ለማድረግ መሄድ የነበረው ቃል ቀስ በቀስ ወደ ፊት የሚሆነውን ማመልከቻ ሆነ እንጂ።

እንግዲህ እንግሊዝኛን ብቻ «ዐመለኛ ቋንቋ» ብለን እንዳንፈርድ ሌሎቹንም እንይ። ፈረንሳዮች «መሄድ»ን በአንድ ግሥ ይጠሩትና «እሄዳለሁ» ለማለት በሌላ፣ «ወደ ፊት እሄዳለሁ» ለማለት በሦስተኛ ግሥ ይናገራሉ። ስፔኖች «ሄድሁ» እና «ነበርሁ» የሚሉት በአንድ ቃል ነው። ሩሲያውያንም «ይሄዳል» እና «ሄደ» የሚሉት በሁለት የተለያየ ሥር ነው።

ወደ ራሳችን ቤት ስንመለስስ? አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ ተቀምጠን ሳለ ይህንን ነገር ለመኝታ ክፍል ጓደኞቼ አጫወትኋቸው። አንደኛው ሣቀና «የእኛስ ‹መጣ›?» አለ። እውነቱን ነው! «በላ» ብለን «ብላ» እንላለን፤ «ሰማ» ብለን «ስማ» እንላለን፤ «መጣ» ብለን ግን «ምጣ» አንልም፤ «ና» እንላለን። አማርኛ የሚማር የውጭ አገር ሰው «ምጣ» ሲል ስንቶቻችን ስቀናል! ግን ለምን «ና» እንደሚባል ቢጠይቀን ምን እንመልስለታለን? «እንዲሁ ነው፤ ሸምድደው» አይደለምን? ከመካከላችን ትግርኛ የሚናገረው ጓደኛችን «የእኛም ‹መጽአ› ብሎ ‹ንዓ› ነው» አለ። ኦሮምኛ የሚናገረው ደግሞ «እኛ ‹ዹፌ› ስንል መጣ ማለታችን ነው፤ ስንጠራ ግን ‹ኮቱ› እንላለን» አለ። ከጅግጅጋ የመጣው ጓደኛችንም በሱማልኛ «መጣ» «ዪሚድ»፣ «ና» ደግሞ «ካላይ» መሆኑን ነገረን። አራት ሰዎች በአራት አልጋ ላይ ተቀምጠን፣ አራት ቋንቋ ይዘን፣ በአራቱም «ና» የሚለው ቃል ከ«መጣ» የማይወለድ መሆኑን በአንዲት ሻማ ብርሃን አገኘን። እውነት እላችኋለሁ፤ በዩኒቨርሲቲ ቆይታዬ እንደዚያች ማታ የተማርሁበት ቀን ጥቂት ነው።

የ«ሄደ»ንም ታሪክ ብንመረምር እንደ «ጎ» ያለ ሀብት እናገኝበታለን። የቀድሞ ደራስያን «ሄደ»ን «ኼደ» ብለው በ«ኸ» ይጽፉት እንደ ነበር የቆዩ መጻሕፍትን ያነበበ ሁሉ ያውቃል። ይህ አጻጻፍ የዘሩ ምልክት ነው። በግዕዝ «ኬደ» ማለት «ረገጠ» ማለት ነው፤ የእግር መርገጫውም «ምክያድ» ይባላል። በትግርኛ «ከደ» ማለት «ሄደ» ማለት ነው። የግዕዙ «ኵሉ» በአማርኛ «ኹሉ»፣ ከዚያም «ሁሉ» እንደ ሆነ የ«ኬደ»ም ዘር በአማርኛ «ኼደ»፣ ከዚያም «ሄደ» ሆነ። ስለዚህ እኛ «ሄድሁ» ስንል በሥሩ «ረገጥሁ» ማለታችን ነው። በግዕዝ ራሱ ግን «ሄደ» የሚባለው «ሖረ» ነበር። ይህ ግሥ በዕለት ንግግራችን የለም፤ ሆኖም «ሐዋርያ» የሚለው ቃል ከእርሱ የተወለደ ነውና አሁንም በየቤተ ክርስቲያኑ ይጠራል። ሐዋርያ ማለት በሥሩ ሄያጅ፣ መንገደኛ፣ መልእክተኛ ማለት ነው። ይህንን ሁሉ ከ12 ዓመት የትምህርት ቤት ቆይታ በኋላ ማንም ሳይነግረኝ በራሴ ፍለጋ ማግኘቴ ያስደስተኛልም፣ ያሳዝነኛልም።

አሁን «ለምን?» ወደሚለው ጥያቄ እንመለስ። ለምንስ ነው እንዲህ ያሉ ዐመለኛ ግሦች «ሄደ፣ መጣ፣ ነበረ» በመሳሰሉት ላይ የሚገኙት? መልሱ ዘወትር ስለምንናገራቸው ነው የሚል ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች በጥንታዊው እንግሊዝኛ ከደንብ ውጪ የሆኑ 177 ግሦችን መዝግበው ተከታተሉ። ከእነዚህ ውስጥ በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ ከደንብ ውጪ ሆነው የቀጠሉት 145 ነበሩ፤ ዛሬ ደግሞ የቀሩት 98 ናቸው። የቀሩት ሁሉ ወደ ደንቡ ገብተዋል፤ ለምሳሌ «ሄልፕ» የሚለው ግሥ ቀድሞ ሲያልፍ «ሆልፕ» ነበር፤ ዛሬ «ሄልፕድ» ሆኗል። ተመራማሪዎቹ እንዳሳዩት አንድ ግሥ ከሌላው 100 ጊዜ ያህል አንሶ የሚነገር ቢሆን 10 እጥፍ ፈጥኖ ወደ ደንቡ ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ግን የአፍና የጆሮ ልማድ ስለሚጠብቀው ዐመሉን ይዞ ይኖራል። ዘወትር የሚረገጥ መንገድ ሣር እንደማያበቅል ያለ ነገር ነው።

የእንግሊዝ ልጆችስ? እነርሱም «ጎድ» ይላሉ! ሕፃኑ መጀመሪያ ከእናቱ አፍ ሰምቶ «ዌንት» ይላል፤ ደንቡን ሲያውቅ «ጎድ» ማለት ይጀምራል፤ በመጨረሻም ወደ «ዌንት» ይመለሳል። ይህ በብዙ ሕፃናት ላይ የታየ ነው። ዣን በርኮ የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ለሕፃናት ከዚያ በፊት ሰምተዋቸው የማያውቁ የፈጠራ ቃላትን ቢሰጧቸው ልጆቹ በደንቡ መሠረት ሲያረቧቸው አሳይተዋል። ይህም ሕፃን የሰማውን ብቻ የሚደግም በቀቀን አለመሆኑን፣ ደንቡን በራሱ አእምሮ የሚያወጣ መሆኑን ያስረዳል። እንግዲያው «ጎድ» የሚለው ስሕተት የድንቁርና ምልክት ሳይሆን አእምሮ እየሠራ ስለ መሆኑ ምስክር ነው። ጓደኛዬ ያን ቀን የተሳሳተው ማሰብ ስለ ጀመረ ነበር። የተቀጣውም በዚያው ነው።

የተከበራችሁ መምህራንና ጓደኞቼ! እዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች መኖራቸውን አልዘነጋም።

የመጀመሪያው «የቃል ታሪክ ማወቅ እንግሊዝኛ አያናግርም» የሚል ነው። እውነት ነው። «ዌንት» ከየት እንደ መጣ ያወቀ ሰውም ቢሆን «ዌንት»ን በቃሉ መያዝ አይቀርለትም። እኔም መሸምደድ ይቅር አላልሁም። ዳሩ ግን ምክንያቱን አውቆ የሚሸመድድና በዱላና በሳቅ የሚሸመድድ ሰው እኩል አይደሉም። አንደኛው ቃሉን ይይዘዋል፤ ሁለተኛውን ግን ቃሉ ይይዘዋል።

ሁለተኛው «መምህሩ 70 ተማሪ ይዞ፣ ፈተናም ደርሶበት፣ ስለ ጥንታዊ እንግሊዝኛ መተረክ የሚችልበት ጊዜ ከየት ያመጣል?» የሚል ነው። ይህም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ለጓደኛዬ ጥያቄ የሚበቃው መልስ ይህን ያህል ነበር፤ «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ደንቡን ዐውቀሃል። ‹ዌንት› ከሌላ ግሥ የተወሰደ ስለ ሆነ ነው። የእኛም ‹መጣ› እና ‹ና› እንዲሁ ነው።» ይህን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። መቶ ጊዜ ከማስጻፍ ያንሳል። ያን ቀን መምህራችን ይህንን ያልተናገሩት ክፉ ሰው ስለ ሆኑ አይደለም፤ ለእርሳቸውም በጊዜው ማንም ስላልነገራቸው ነው። «እንዲሁ ነው» የሚለው መልስ ከመምህር ወደ መምህር የሚወርስ ዕዳ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከወዲህ ከእኛ ከተማሪዎች መካከል የሚነሣ ነው። «የባዕድን ግሥ ሐረገ ትውልድ ከምንቆጥር የራሳችንን ቋንቋ አናጠናምን?» የሚሉ አሉ። እኔ ግን ሁለቱ የሚጣሉ አይመስለኝም። እኔ «ኼደ»ን እንድመረምር ያነሣሣኝ «ጎ» ነው። ሰው በሌላው ቤት መስተዋት የራሱን ፊት የሚያይበት ጊዜ አለ። እንዲያውም እንግሊዝኛም እንደ እኛ ቋንቋ ሰው ሠራሽ፣ የተጣጣፈ፣ በአጋጣሚና በልማድ የተሠራ መሆኑን ያወቀ ተማሪ በፊቱ አይንበረከክም። የሚፈራው ጌታ ሳይሆን የሚሠራበት መሣሪያ ይሆንለታል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በአንደኛ ዓመት የእንግሊዝኛ ትምህርት ውስጥ ቢያንስ ጥቂት ክፍለ ጊዜ ስለ ቋንቋው ታሪክ እንዲሰጥ የሚመለከታቸው መምህራን እንዲያስቡበት። በተለይም ነገ መምህራን ሆነው የሚወጡት ጓደኞቻችን ይህንን ሳይማሩ ባይወጡ መልካም ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላልና።

ሁለተኛ፤ ማኅበራችን የቋንቋ ክበብ ቢያቋቁም። ወጪ የለውም፤ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። እያንዳንዳችን ለክረምት አገር ቤት ስንሄድ ከአያቶቻችን፣ ከቅኔ መምህራን፣ ከገበያና ከእርሻ ቦታ ቃላትን ሰብስበን ብንመለስ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት «ና» እና ስንት «ኼደ» እናገኝ ነበር! በአንድ መኝታ ክፍል አራት ቋንቋ ከተገኘ በግቢው ሁሉ ስንት እንደሚገኝ ቁጠሩት።

ሦስተኛው ለራሳችን ነው፤ ለዚህም ስብሰባ አያስፈልገውም። በዚህ ግቢ ውስጥ በክፍል ጥያቄ ለመጠየቅ ፈልገው እንግሊዝኛቸውን ፈርተው እጃቸውን የሚያወርዱ ብዙዎች ናቸው። ጥያቄው በልባቸው ይመጣና በአፋቸው ሳይወጣ ይሞታል። ከእነዚህ መካከል አንዱ ደፍሮ ቢነሣና ቢሳሳት አንሳቅ። ይህን ምክር የምሰጠው ከሁሉ በላይ ሆኜ አይደለም፤ ከሳቁት አንዱ እንደ ነበርሁ አስቀድሜ ተናግሬአለሁ።

ባለፈው ክረምት ወፍጮ ቤት ያገኘሁትን ጓደኛዬን ይህንን ሁሉ ነገርሁት። ስለ «ዌንድ»፣ ስለ «ዌንት»፣ ስለ ስኮትላንዱም «ጌድ» አንድ በአንድ አስረዳሁት። የወፍጮው ድምፅ ስለሚያስቸግር እየጮኽሁ ነበር የምናገረው። ሚዛኑን አቁሞ ሰማኝ። ከዚያም ዱቄት ያለበትን እጁን በልብሱ ላይ ጠረገና «እንግዲያው ጥያቄዬ ትክክል ነበረ ማለት ነው?» አለኝ። «ትክክል ነበረ» አልሁት። ጥቂት ዝም አለና «ያን ጊዜ ብትነግሩኝ ኖሮ» ብሎ ወደ ሚዛኑ ተመለሰ።

ያን ጊዜ አላወቅንም ነበር። አሁን ግን ዐውቀናል፤ ከእንግዲህ ወዲህ በየትም ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ተነሥቶ «ለምን?» ባለ ጊዜ «እንዲሁ ነው» ብለን ብንመልስለት ምክንያት የለንም።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ